የወዳጅ አውሮፕላን

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሆዴን ባር ባር ሲለው ዋለ። ይሄ ነው ብዬ የምጠቁመው አንድ ነገር የለም። ሌሊት ራቅ ብሎ ተኩስ ይሰማ ነበር። ጠዋት መብራት ሄዶ ነበር። ከሰዓት ከጎንደር አራዳ ስመለስ ደግሞ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሬዲዮው ስለ ኑክሌር ያወራል። ሹፌሩ ልጅ እግር ነው። ድምፁን ቀነስ አደረገና «ቆይ ግን፣ ይሄ ነገር ቢነሳ እኛ ጋ ይደርሳል?» አለኝ። የምለው ጠፋኝ።

ቤት ገብቼ ቡና ስቆላ ወሬው ተከትሎኝ ገባ። በእጄ አማስላለሁ፣ በልቤ እቆጥራለሁ። አሜሪካና ሩሲያ ለተኩስ ያሰናዷቸው የረጅም ርቀት የኑክሌር አረሮች በየበኩላቸው ከ1,550 እንዳይበልጡ በ2002 ዓ.ም. ፕራግ ላይ ተፈራርመው ነበር። የውሉ ዘመን እስከ ጥር 2018 ዓ.ም. ነበር። ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. ሂሮሺማ ላይ የወደቀው አንድ ነው። ያ አንዱ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ወደ 140 ሺህ ሰው ፈጀ። እነዚህ ደግሞ «ከ1,550 እንዳይበልጥ» ብለው ሲስማሙ እፎይ ብለን ኖርን።

ቡናው አረረ። እማዬ ሽታው ሲደርሳት «ምን ሆነሻል ዛሬ?» አለችኝ። ነገርኳት። ስለ ቦምቡ ምንም አልጠየቀችኝም። «አሁን የኛ ወዳጅ ማነው?» ነው ያለችኝ።

እማዬ ሰባን አልፋለች። ተማሪ ሳለች እንግሊዝኛ ያስተማራት ፒስ ኮር በሚባለው ማኅበር በበጎ ፈቃድ የመጣ አሜሪካዊ መምህር ነበር። እስከ ዛሬ በደግ ታነሳዋለች። ያኔ አሜሪካኖች አስመራ ላይ ቃኘው የሚባል የጦር ጣቢያ ነበራቸው፣ ጦራችንም የሚታጠቀው ከነሱ ነበር። በ1969 ደርግ አስወጣቸው። የሶማሊያውን ዚያድ ባሬን ስታስታጥቅ የኖረችው ሶቪየት ኅብረት ወደኛ ዞረች። ኩባዎች ኦጋዴን ድረስ መጥተው ከኛ ልጆች ጋር ተዋጉ። አሜሪካ ደግሞ ውሎ አድሮ ወደ ሶማሊያ አዘነበለች። እማዬ ትናንት ወዳጅ ሲባል የሰማችውን አገር በማግስቱ ሬዲዮው «ኢምፔሪያሊስት» ሲለው ሰማች። ያንን መምህር ጠላት ነው ብላ ማሰብ ግን አቃታት። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ተዘዋወረ። በ2016 ሩሲያና ቻይና ያሉበት ብሪክስ የሚባለው ማኅበር ገባን። ማን ከማን ጋር እንደቆመ መከታተል እኔንም እየደከመኝ ነው።

ደግሞ ይሄ ለጎንደር አዲስ አይደለም። በ1533 ዓ.ም. አራት መቶ የፖርቹጋል ነፍጠኞች ግራኝን ለመውጋት ከኛ ጎን ተሰለፉ፣ መሪያቸውም እዚሁ አገር ሞተ። የግራኝ ነፍጠኞች ደግሞ ቱርኮች ነበሩ። መቶ ዓመት ሳይሞላ የፖርቹጋሎቹን ፈለግ ተከትለው የመጡት ካህናት ባመጡት የሃይማኖት ጣጣ ወንድም ከወንድሙ ተራረደ። አፄ ፋሲል ካህናቱን አባረሩ። ተመልሰው እንዳይገቡም ምፅዋ ላይ ካሉት ቱርኮች ጋር ተስማሙ። ከነዚያው ቱርኮች ጋር። ይህች ከተማ የተቆረቆረችው በዚያ ሁሉ ማግስት፣ በ1628 ነው።

እኔን ግን ዛሬ ይዞ አልለቅ ያለኝ የአፄ ኢያሱ ግንብ ነው። ፋሲል ግቢ የገባ ሁሉ ያውቀዋል፣ ጣሪያ የለውም፣ ቀና ስትሉ ሰማይ ነው። ከምድር መንቀጥቀጥ የተረፈውን በ1933 እና በ1934 የእንግሊዝ ቦምብ ጎዳው። ግቢውን የጣሊያን አዛዦች ይዘውት ነበር። እንግሊዞች የመጡት ሊያግዙን ነው፣ አርበኞቻችንም አብረዋቸው ነበሩ። የጣሊያን ምሽግ የነበረው ቁልቋል በር ተሰብሮ፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ እጁን ሲሰጥ ጎንደር ነፃ ወጣች። ይህንን አልክድም። ውለታ ውለታ ነው።

አያቴ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። አውሮፕላን ሲመጣ እናቷ ከጎታው ጀርባ ትወሽቃታለች። ጉንጯን ጎታው ላይ ለጥፋ፣ የጭቃውን ሽታ እያሸተተች ትቆጥራለች። ቦምቡ ሲወድቅ ጎታው ይንቀጠቀጣል፣ ጤፉ ውስጡ ሽር ሽር ይላል። ጤፍ በሰፌድ በተነፋ ቁጥር ያ ድምፅ ይመጣባት ነበር። ስትተርክልን ሁልጊዜ «የወዳጅ አውሮፕላን» ነበር የምትለው። ጎረቤቱ ሁሉ «አትፍሩ፣ የወዳጅ ነው» ይል ነበርና።

ኅዳር 1954 ኢትዮጵያ ተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ ከሌሎች አገሮች ጋር ሆና አንድ ውሳኔ አቀረበች። በኑክሌር መሣሪያ የተጠቀመ አገር በሰው ዘር ላይ ወንጀል እንደፈጸመ ይቆጠር የሚል። በ55 ድጋፍ፣ በ20 ተቃውሞ፣ በ26 ድምፀ ተአቅቦ አለፈ። አሜሪካና እንግሊዝ ተቃወሙ። አሜሪካ ያን ጊዜ ዋና ወዳጃችን ነበረች፣ ቃኘው ላይ ቁጭ ብላ። ቢሆንም አገሬ ያመነችበትን ተናገረች። የመርዝ ጋዝ ከሰማይ የዘነበባት አገር ስለሆነች ይመስለኛል። ይህንን ሳስብ ደረቴ ይሞላል፣ ዓይኔም ይሞላል። ዛሬስ ወዳጅ ሳይከፋው አይቀርም ብሎ ሳይፈራ እንዲህ የሚናገር አለ?

አያቴን አንድ ቀን ጠይቄያት ነበር። «እምዬ፣ የወዳጅ መሆኑን እያወቃችሁ ፍርሃቱ አይቀንስም ነበር?» አልኳት። እጇን ከሰፌዱ ሳታነሳ አየችኝ።

«ከጎታ ሥር ሆነሽ በምኑ ትለይዋለሽ ልጄ?»