ሙሽሪትን ብርቱካን ያደረግኩ ለታ

ብርቱካን በገዛሁ ቁጥር አንዲት ሙሽራ ትታወሰኛለች።

የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ነኝ። የዚያን ሠርግ ቪዲዮ ከለር ሦስት ሌሊት ቁጭ ብዬ ነው የሠራሁት። ምክንያቱም የሙሽሪት እናት አደራ ብለውኛል። የመልሱን ቀሚስ ሽሮ ሜዳ ስንቴ ተመላልሰው ነው ያሠሩት። ጥለቱ ወይን ጠጅ፣ ዳር ዳሩ ወርቅማ። "ልጄ፣ ሌላው ቢቀር ጥለቱን!" አሉኝ።

ከለር የምሠራበት ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው ፕሮግራም ላይ ጥለቱ አፍ አውጥቶ ሊናገር ምንም አልቀረው። ኤክስፖርት አደረግኩና ማክ ኮምፒውተሬ ላይ ኩዊክታይም በሚባለው ማጫወቻ ከፈትኩት። ቀሚሱ በበረኪና የታጠበ መሰለ። ሙሽራው ወባ ይዞት የተነሳ ይመስላል። እንደገና ኤክስፖርት አደረግኩ። ያው ነው።

ጤነኛ ሰው እዚህ ጋ ቆም ብሎ ይጠይቃል። ግን ሌሊቱ 9 ሰዓት ሆኗል፤ ማንን ልጠይቅ? ኮንትራስት ጨመርኩ። ሳቹሬሽን፣ ማለትም የከለሩን ድምቀት፣ ጨመርኩ። ጥላውን አጠቆርኩ። ልክ እንደ ወጥ ጨው፣ ቀመስ እያደረግኩ ጨመር። በመጨረሻ ኩዊክታይም ላይ ልክ መጣልኝ። ፍላሹን አስረክቤ ተኛሁ።

ማታ ስልክ ጮኸ። እናትየው ናቸው። ስለ እናቴ ጠየቁ፣ ስለ ወንድሞቼ ጠየቁ። ሰላምታው ሲረዝም ፈራሁ።

"ይሄ ፍላሽ የማን ነው?"

"የእናንተ ነው እትዬ።"

"እሱንማ ድንኳኑን አይቼ ለየሁት። ሙሽሪቷ ግን የማን ናት?"

እየበረርኩ ሄድኩ። ሳሎኑን በሞላው ቲቪ ላይ ሙሽሪት ብርቱካን ሆናለች። ሙሽራውና ሦስቱ ሚዜዎች ጥቁር ሱፍ ለብሰው ነበር። ሱፉ ተደባልቆ አራት ጭንቅላት ያለው አንድ ካፖርት ወጥቶታል። ወይን ጠጁ ጥለትማ ጭልም ብሏል። "ልጄን ጥቁር አልብሰህ ዳርካት" አሉኝ። እውነት ለመናገር ያማረበት ዶሮ ወጡ ብቻ ነው።

ለካ የጋማ ጣጣ ነው። ጋማ ማለት በጥቁርና በነጭ መሐል ያለው ምን ያህል እንደሚፈካ የሚወስን ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ምስሉ ይፈካል። እኔ የሠራሁት ለቴሌቪዥን በሚሆነው 2.4 ጋማ ነበር። ማኩ ደግሞ ፋይሉ ላይ ያለውን የሬክ.709 (የቴሌቪዥን ከለር ደረጃ) ምልክት አይቶ ወደ 1.96 በሚጠጋ ጋማ ይከፍተዋል። ስለዚህ መሐሉ ይፈካል፣ ከለሩ ይገረጣል። ፋይሉ ግን ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ ጤነኛውን ሰው መድኃኒት የጋትኩት። ሪዞልቭ ላይ ሬክ.709-ኤ የሚል ምርጫ አለ፤ ሰው ማክ ላይ ያየዋል ብዬ ብሠራ ኖሮ እሱ ይጠቅመኝ ነበር። የእትዬ ሳሎን ግን ማክ አይደለም።

በዚያ ላይ ቲቪያቸው ቪቪድ የሚባለው ሞድ ላይ ነው። እኔ በጨመርኩት ላይ እሱም የራሱን ደርቦበታል።

የጨመርኩትን ሁሉ አንስቼ የመጀመሪያውን ፋይል ይዤ ተመለስኩ። ቲቪውንም ሙቪ ሞድ ላይ አደረግኩላቸው። ጥለቱ ወይን ጠጅ ሆነ። ተመረቅኩ፣ ቡና ጠጣሁ፣ ወጣሁ።

በሁለተኛው ቀን እንደገና ደወሉ።

"ሠርጉ አምሮበታል፣ ተባረክ።"

"አሜን እትዬ።"

"ዜና አንባቢዋ ግን ገርጥታብናለች። ያንን የነካካኸውን መጥተህ መልስልን።"