ክዳኑን አትንኩት፦ የቡናማ ሩዝ ፒላፍ

ቡናማ ሩዝ ከላይ ተፈረካክሶ መሃሉ ጥሬ ሆኖ ሲቀር ብዙ ሰው ሩዙን ይረግማል። ሩዙ ምንም አላጠፋም፤ ችግሩ እንደ ነጭ ሩዝ መሠራቱ ነው። ነጩ ተፈትጎ ፉርሽካው ስለወለቀ ውሃ ቶሎ ይገባዋል። ቡናማው ግን ፉርሽካውን እንደለበሰ ነው ድስት ውስጥ የሚገባው፤ ያ ስስ ሽፋን ውሃውን ያዘገየዋል። ስለዚህ ለፒላፍ፣ ማለትም በቅባት ተቆልቶ በተለካ ውሃ ለሚበስል ሩዝ፣ ከቅመሙም ከአትክልቱም በፊት የሚያስፈልገው ጊዜና የማይባክን እንፋሎት ነው።

ለአራት ሰው 280 ግራም ረጅም ፍሬ ሩዝ ይበቃል፤ አንድ ኩባያ ተኩል ገደማ ማለት ነው። ውሃ ወይም መረቅ 650 ሚሊ ሊትር፣ ዘይትና ቅቤ አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ አንድ መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ካሮት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው። ለመዓዛ የጣት ግማሽ የምታህል ቀረፋና ሁለት ሦስት ፍሬ ሄል ጨምሩ፤ ከዚያ በላይ ቅመም የእህሉን የራሱን ጣዕም ይሸፍነዋል። መረቁ ጨው ካለው የጨዉን መጠን በግማሽ ቀንሱ።

ሩዙን እጠቡና በወንፊት ለ10 ደቂቃ አንጠፍጥፉት። ይህን የሚዘለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን እርጥብ ሩዝ ቅባት ውስጥ ሲገባ አይቆላም፣ ይቀቀላል። ግማሽ ሰዓት ከዘፈዘፋችሁት የተወሰነ ውሃ አስቀድሞ ስለጠጣ የድስቱን ውሃ ወደ 600 ሚሊ ሊትር ዝቅ አድርጉት።

ሽንኩርቱን በደቃቁ ከትፋችሁ በመካከለኛ እሳት ከስምንት እስከ 10 ደቂቃ አቁላሉት። እንዲለሰልስና ጠርዙ ወርቃማ እንዲሆን እንጂ እንዲጠቁር አይደለም። ነጭ ሽንኩርቱንና በትናንሹ የተከተፈውን ካሮት ጨምሩ፤ ደቂቃ ቆይታችሁ ሩዙን።

አሁን ከምድጃው አትራቁ። ፍሬው መጀመሪያ ከድስቱ እየተጣበቀ ያስቸግራል፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ መላቀቅ ይጀምራል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ደቂቃ ማማሰያው ሲነካው እንደ ደረቅ አሸዋ ይንኮሻኮሻል፣ ሽታውም የተቆላ ለውዝ ይመስላል። ውሃ የሚገባው ያኔ ነው። ቅባት የለበሰና የተቆላ ፍሬ ከጎረቤቱ ጋር አይጣበቅም፤ ፒላፍን ከቅቅል ሩዝ የሚለየውም ይኸው ነው። ፍሬው ጠቆር እስኪል ከቆያችሁ ግን ምሬቱ እስከ መጨረሻው አይለቅም።

ውሃው የፈላ ይሁን። ቀዝቃዛ ውሃ የጋለውን ድስት ያበርድና የምታሰሉትን ሰዓት ሁሉ ያዛባዋል። ጨውና ቅመሙን ጨምራችሁ አንዴ ብቻ አማስሉ፤ ከድስቱ ቂጥ የተጣበቀ ካለ ፋቁት። ውሃውን ቅመሱት፤ ጨው ጠንከር ያለ ሾርባ መምሰል አለበት፣ ሩዙ ይጠጣዋልና። መንተክተክ ሲጀምር እሳቱን የመጨረሻ ዝቅተኛው ላይ አድርጉና ክደኑ።

40 ደቂቃ። አትክፈቱ፣ አታማስሉ። በከፈታችሁ ቁጥር ፍሬውን የሚያበስለው እንፋሎት ይወጣል፤ ስታማስሉ ደግሞ ፍሬው ይሰበርና ገንፎ ይሆናል። ማየት ካማራችሁ ጆሯችሁን ተጠቀሙ፦ ውሃ እስካለ ድስቱ ለስለስ ያለ የመንተክተክ ድምፅ አለው፤ ሲያልቅ ደረቅ የመንጣጣት ድምፅ ይሰማል። ክዳኑ በደንብ የማይገጥም ከሆነ አፉን በፎይል ሸፍናችሁ ከላይ ክደኑት።

እሳቱን አጥፍታችሁ ንጹሕ ፎጣ ከክዳኑ ሥር አድርጉና 15 ደቂቃ ተዉት። ፎጣው የሚንጠባጠበውን ላብ ይይዛል፤ በዚህ ጊዜ ከታች ያለው እርጥበት ወደ ላይኛው ፍሬ ይዳረሳል። ከዚያ በሹካ ፈልፍሉት፤ ማማሰያ ይደፈጥጠዋል።

ላይኛው ፍሬ አሁንም ከጠነከረ አራት የሾርባ ማንኪያ የፈላ ውሃ አርከፍክፉና ስምንት ደቂቃ በዝቅተኛ እሳት መልሱት። ከረጠበ ሰፊ ትሪ ላይ ዘርግታችሁ አናፍሱት። ከታች ካረረ አትፋቁት፤ ላዩን ብቻ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡ፣ አለበለዚያ የአረር ሽታው ሁሉንም ይወርሰዋል። ቲማቲምና ሎሚ የምትወዱ ከሆነ መጨረሻ ላይ ይግቡ፤ ኮምጣጣ ነገር ፍሬው እንዳይለሰልስ ያደርጋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላው ነገር እጥፍ ሲያበስሉ ውሃውንም እጥፍ ማድረግ ነው። ከውሃው ከፊሉን ሩዙ ይጠጣል፣ ከፊሉ በእንፋሎት ይሄዳል፤ የሚተነው ደግሞ በድስቱ ስፋትና በሰዓቱ እንጂ በሩዙ ብዛት አይወሰንም። ለ560 ግራም ሩዝ 1 ሊትር ከ100 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል።

በሩዝ ምትክ ያልተፈተገ ገብስ ማድረግም ይቻላል፤ እንዲያውም አፍ ውስጥ የሚሰጠው ማኘክ የበለጠ ነው። ለአንድ ኩባያ ሦስት ኩባያ ውሃና አንድ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ሌሊቱን ከተዘፈዘፈ ግን 40 ደቂቃ አካባቢ ስለሚደርስ ከሩዙ ጋር በአንድ ድስት ሊገባ ይችላል። ቡልጉርን ከሁለቱ ጋር አትቀላቅሉ፤ አስቀድሞ ተቀቅሎ የደረቀ የስንዴ ክክ ስለሆነ በ15 ደቂቃ ያልቅለታል።

ጥሬው ሩዝ ብዙ አይቆይም፤ ፉርሽካው ውስጥ ያለው ቅባት ይበላሻል። አሮጌ ዘይት የሚሸት ከሆነ ጣሉት፤ ቶሎ የማትጨርሱትን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። የበሰለውን ደግሞ ድስቱ ውስጥ ለብ እንዳለ አታሳድሩ፦ መፍላት የማይገድላቸው የባክቴሪያ ዘሮች እዚያ ይራባሉ። ዘርግታችሁ አብርዱትና በአንድ ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቡት፤ ስትበሉት በአንድ ማንኪያ ውሃ እፍን አድርጋችሁ እስኪጨስ አሙቁት።