ደጀን አፋፍ ላይ፦ ሽኮኮና ጥንብ አንሳ

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ በተመላለስኩ ቁጥር ዓባይ በረሃን የማየው በመኪና መስኮት ነበር። ባለፈው ጥቅምት ግን ደጀን አደርኩና ሊነጋጋ ሲል በእግሬ ወደ አፋፉ ሄድኩ።

ፀሐይ ዐለቱን እንደነካችው ሽኮኮዎች ከስንጥቁ እየወጡ ተጠጋግተው መሞቅ ጀመሩ። እንደ ሌሎች አጥቢዎች የሰውነታቸውን ሙቀት አጥብቀው መያዝ ስለማይችሉ፣ ጠዋት ሳይሞቁ ለግጦሽ አይወጡም። አንዱ አሥር እርምጃ ያህል ርቆኝ ሲያዛጋ ከላይኛው ድዱ ሁለት ሹል ጥርሶች ብቅ አሉ። የፊት ጥርሶቹ ናቸው፤ የዝሆን ጥርስ የምንለውም ያው የፊት ጥርስ ነው። ሽኮኮ ለዓይን አይጥ ይምሰል እንጂ ከአይጥ አይዛመድም። የራሱ ክፍለ መደብ አለው፤ ዛሬ በሕይወት ካሉት የቅርብ ዘመዶቹ ዝሆንና የባሕር ላም ናቸው። አራት ኪሎ ገደማ የሚመዝን ፍጥረት ከዝሆን ጋር በአንድ የዘር ሐረግ!

«ጋሼ፣ ሽኮኮ እኮ አይበላም» አለኝ ከብት ይዞ የመጣ እረኛ፣ ላድን የመጣሁ መስሎት። እውነቱን ነው፤ ኦሪት ከልክሎታል። እዚህ እንዲህ የበዛው ገደሉም ኦሪቱም ጠብቀውት ይመስለኛል። በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብም ስጋት ከሌለባቸው ተርታ ነው።

ድንገት ዘብ የቆመው ሽኮኮ ጮኸ፤ ሁሉም ስንጥቁ ውስጥ ገቡ። ያስደነገጣቸው ጥላ ነው። ጠላታቸው ጥቁሩ ንስር ነበር፤ ይህ ግን ጥንብ አንሳ ነው፣ የሞተ እንጂ ነፍስ ያለው አያድንም። ከእግሬ በታች ሲያንዣብብ ጀርባውን አየሁት፤ ቡናማው ላባ አንድ በአንድ ጫፉ በነጭ የተቀመቀመ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተነባበረ። የሩፔል ጥንብ አንሳ! በአስተኔው ከንስር ጋር አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 አንዱ በአይቮሪ ኮስት ሰማይ ከ11,000 ሜትር በላይ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል። ይህ ወፍ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተመዝግቧል።

«አሞራ ደግሞ ምን ይጠፋል!» አለ እረኛው።

እኔም ልጅ ሆኜ እንዲያ ነበር የማስበው። ግን በዓመት የሚጥለው አንድ እንቁላል ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ይገድለዋል፤ ከሁሉ የከፋው መርዝ ነው፤ አንድ በክት ቢመረዝ መንጋው በሙሉ አብሮ ያልቃል። ይህን ስነግረው ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ዝም አለ።

«አምና ጅብ ጊደራችንን ገደለብን» አለ ቆይቶ። «በክቱ ላይ መርዝ አደረግንበት። ጅቡ አልመጣም።»

«አሞራዎቹስ?»

«አሥር ድረስ ቆጥሬ ተውኩት።»