ለፀሐይ ተመልካች ደሞዝ የለም

እንግሊዝ አገር፣ ቲስ ወንዝ ሰሜን ባሕር ከሚገባበት አጠገብ፣ ድሮ ብረት ይቀልጥበት በነበረ ግቢ ውስጥ ሴኩሪቲ ነኝ። ሬድካር ከተማ የነበረው ትልቁ ማቅለጫ በፈረንጆቹ 2015 ተዘግቶ በ2022 በፈንጂ ፈርሷል። እኛም በአብዛኛው የምንጠብቀው አጥርና ባዶ መሬት ነው።

የፓትሮሉ የመጨረሻ ታግ፣ ማለትም መድረሳችንን የምናስመዘግብበት ምልክት፣ ወንዙ ዳር ነው። ዲሴምበር ላይ እዚያ ስደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ገና ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል፣ አገር ቤት ቢሆን ሰው ከምሳ እንቅልፉ የሚነቃበት ሰዓት። ውኃው ሸሽቶ ከሆነ ጭቃው በሙሉ መዳብ ይመስላል። ማዶ «ሲል ሳንድስ» የሚባለው ቦታ ላይ የኬሚካል ፋብሪካዎቹ እንፋሎት ሮዝ ይሆናል።

አንድ ቀን ቆሜ ሳይ ሬዲዮው ጮኸ። ሱፐርቫይዘሩ ነው፣ በካሜራ አይቶኛል።

«ሰባት ደቂቃ ቆመሃል። አጥሩ ተቆርጧል?»

«ኧረ ደህና ነው።»

«ታዲያ ምን እያየህ ነው?»

«ፀሐይዋን።»

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ «ፀሐይ የግቢያችን ንብረት ናት?» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። ለካ የምሩን ነው። ሺፍት ስንቀያየር ለፀሐይ ተመልካች ደሞዝ እንደማይከፈል ለሁላችንም አስረዳን፣ ዓይኑ ግን እኔ ላይ ነበር።

ቁጣው አይደለም ያበገነኝ። ሰባት ደቂቃ ሙሉ እኔን ሲያይ እሱስ ምን እየሠራ ነበር?

አብረውኝ የሚሠሩት ሽማግሌ በወጣትነታቸው እዚሁ ብረት አቅላጭ ነበሩ፤ የሲድኒን ድልድይ ብረት አብዛኛውን የላከው ይሄ አካባቢ ነው እያሉ ይኮራሉ። ነገሩን ስነግራቸው ሳቁ። «ያኔ ትኩስ የብረት አር ሲደፋ ሌሊቱም ቀይ ነበር፤ ፀሐይ ገባች አልገባች ማን ልብ ይላል?» አሉኝ። ባሕሩ ውስጥ የተዘረጋው ሳውዝ ጌር የሚባለው የማዕበል መከላከያ ራሱ የተሠራው ከዚያ አር ነው።

እኔም ትምህርት ወስጃለሁ። አሁን ባትሪዬን አጥሩ ላይ እያበራሁ ነው የምቆመው። መዝገቡ ላይም «የወንዝ ዳር አጥር በጥንቃቄ ታይቷል» ብዬ እጽፋለሁ።

ሰሞኑን ሱፐርቫይዘሩ ዋትሳፕ ግሩፓችን ላይ ፎቶ ለጠፈ። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከዚያው አጥር፣ በሥራ ሰዓት። ያምራል፣ አልዋሽም። ሽማግሌው ከሥሩ «ስንት ደቂቃ ፈጀ?» ብለው ጻፉ።

አንብቦታል። መልስ ግን የለም።