አባዬ ለኛ ያልነገረን

አባዬን ልጆቼ ከኔ በላይ ያውቁታል። ለማሳመር ብዬ አይደለም፣ ከሞተ በኋላ ከእህቴና ከወንድሜ ጋር ቁጭ ብለን ስናወራ ሁላችንም ጋ ያለው ነገር አጭር አጭር ነው፣ ሰላምታ፣ ተግሳፅ፣ የደብተር ብር፣ የበዓል በግ፣ በቃ። ልጆቼ ግን ከጀመሩ አያቆሙም። ለቅሶ ላይ ትልቁ ልጄ ለሰዉ ስለ አያቱ ሲያወራ እኔም እንደ እንግዳ ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ፣ ግማሹን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ትንሽ ቅናትም አልጠፋ።

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ድሬዳዋ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ነው። ፈረንሳዮቹ ገና እያሉ በልጅነቱ ተለማማጅ ሆኖ ገባ፣ ከስድባቸው ጋር ፈረንሳይኛውንም ለቃቀመ፣ እስከ ጡረታ ከዛ አልወጣም። በ1969 ከተማዋ በሶማሊያ ጦር ስትደበደብ እንኳን እኛን ወደ አዲስ አበባ ልኮ እሱ ቀረ። እኛ የምናውቀው ማታ ማታ ግሪስ ግሪስ እየሸተተ ሲገባ ነው። ይታጠባል፣ ሽርጡን ያገለድማል፣ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ይለጥፋል፣ በዛ ሰዓት ማንም አያናግረውም። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም እኮ፣ እጁን አንስቶብን አያውቅም፣ ዝምተኛ ነው፣ ደሞ ያኔ አባት ማለት እንደዛ ነበር፣ የጎረቤት አባቶችም ያው ናቸው።

ሰውዬው የተከፈተው የልጅ ልጅ ሲመጣ ነው። ጡረታ ወጥቷል፣ ባቡሩም ራሱ ሲንገዳገድ ቆይቶ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ ድሬ የሚመጣው ቀርቷል፣ ስለዚህ ጊዜ እንደ ልቡ ነው። ክረምት ክረምት ልጆቼን ድሬ እልካቸዋለሁ፣ እማዬ "በዚህ ሙቀት ልጆቹን ልትገድያቸው ነው?" ስትለኝ እሱ ከበረንዳው "አቦ ተያቸው፣ ይልመዱ!" ይላል። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ይዟቸው ይወጣል፣ ከዚራ ሰፈርን በዛፎቹ ጥላ አቋርጠው አሮጌው ጣቢያ ድረስ፣ ዘበኞቹ ስለሚያውቁት "ጋሼ ይግቡ" ይሉታል፣ ከዛ የቆሙትን ፉርጎዎች አንድ በአንድ እያስነካ ታሪክ ይጀምራል።

ድሬ የባቡር ልጅ ናት ይላቸው ነበር። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር ሊገባ ነበር የታሰበው፣ ግን ተራራው ሲታሰብ ወጪው አይቀመስም፣ ስለዚህ ታች ሜዳው ላይ በ1895 ሀዲዱ ደረሰና ከተማ ተቆረቆረ፣ ኩባንያው መጀመሪያ "አዲስ ሐረር" ብሏት ነበር። አዲስ አበባ እስኪገባ ደግሞ እስከ 1909 ፈጀ። "784 ኪሎ ሜትር፣ ከጅቡቲ እስከ ለገሃር፣ በሁለቱ ሀዲድ መሀል ግን አንድ ሜትር ብቻ" ይላል። ይሄን የሰማችው ትንሿ ልጄ፣ ያኔ ገና አራት ዓመቷ ነው፣ ሀዲዱ መሀል በጀርባዋ ተኛች፣ ጭንቅላቷ አንዱን ብረት እግሯ ሌላውን ነካ፣ "አባባ እኔና ባቡር እኩል ነን!" ብላ ጮኸች። አባዬ ይሄን ለሰፈሩ ሰው ሁሉ አውርቷል፣ እኔ ስደውልም ሦስቴ ነገረኝ፣ ልጅ ሆኜ እኔ ያልኩትን ነገር ለሰው ሲያወራ ግን ሰምቼው አላውቅም።

ሥራው ምን እንደነበር ራሱ በደንብ የገባኝ በነሱ በኩል ነው። "ሜካኒክ" ብቻ ነበር የምንለው። ለካ ለብዙ ዓመት ሥራው የባቡር ጎማ መመርመር ነበር፣ ጎማው ያው ብረት ነው፣ እጀታው ረዘም ያለ ትንሽ መዶሻ ይዞ በፉርጎዎቹ ሥር እየዞረ ጎማውን ኳ ያደርገዋል፣ ጤነኛ ከሆነ እንደ ደወል ረዘም አድርጎ ይጮሃል፣ ውስጡ ስንጥቅ ካለው ድምፁ ወዲያው ይሞታል። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ በጆሮ ይያዛል ማለት ነው። ልጄን ያንኑ መዶሻ አሲዞ የቆሙትን ጎማዎች ሲያስመታው ይውል ነበር፣ "ይሄስ?" "ደህና ነው አባባ" "እርግጠኛ ነህ? ድገመው።"

እዚህ ጋ ነው አንድ ነገር የበራልኝ። ልጅ ሆነን ቀፊራ ገበያ ሲወስደን ጀበና ሲገዛ በጣቱ አጥንት ኳ ኳ እያደረገ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል፣ አንዱን ያስቀምጣል፣ ሌላውን ያነሳል፣ ድርድሩን በሙሉ ይፈትሻል፣ ሻጯ በኦሮምኛ ስትቆጣው እሱም በኦሮምኛ ይመልስላታል፣ እኔና እህቴ በሀፍረት እሱን የማናውቅ መስለን ራቅ ብለን እንቆማለን። ግን እውነቱን ለመናገር እኛ ቤት የሚያፈስ ጀበና ገብቶ አያውቅም።

አዋሽን ግን ልጄ ባይነግረኝ መቼም አላውቅም ነበር።

የ1977ቱን አደጋ የኛ ዕድሜ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ጥር ላይ ነው፣ አዋሽ አጠገብ ኩርባው ድልድይ ላይ ባቡሩ ፍጥነት ሳይቀንስ ደርሶ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ፣ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። አባዬ በዛ ሰሞን ለቀናት ከቤት እንደጠፋ ትዝ ይለኛል፣ ሲመለስ እንደ ወትሮው ሬዲዮውን ከፈተ። ለካ ከወርክሾፕ ብረት ቆራጭና ማንሻ ይዘው ከተላኩት አንዱ እሱ ነበር። ለልጄ የነገረው ስለ ሬሳው አይደለም፣ እሱን ዘሎታል። የነገረው ሥራቸውን ሲጨርሱ፣ ማንም ሳያዘው፣ መዶሻውን ይዞ የተገለበጡት ፉርጎዎች ላይ እየወጣ ጎማዎቹን አንድ በአንድ መምታቱን ነው። "የኔ ጎማ ይሆን?" ብሎ ነው። እሱ ደህና ነው ብሎ ያሳለፈው ጎማ ይሆን እንዴ ሰዉን የጨረሰው? የደረሰባቸውን በሙሉ መታቸው፣ ሁሉም ጮኹ። "ደስ አለኝ" አለው ለልጄ፣ "ያ ሁሉ ሰው ተጋድሞ እኔ ደስ አለኝ፣ ለዛ ነው ለማንም የማላወራው።"

ልጄ ያኔ አስራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ለምን እሱን መረጠ እያልኩ ብዙ አስቤያለሁ፣ ምናልባት ልጅ ስለማይፈርድ ይሆናል፣ ምናልባትም ልጄ መዶሻውን ስለያዘ ነው፣ እኛ መቼ ነክተነው እናውቃለን። እማዬን ጠየቅኳት፣ ታውቃለች፣ "ሌሊት እየተነሳ ይቀመጥ ነበር" ብላ ወሬ ቀየረች።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ተመርቆ ሰው መጫን ሲጀምር ልጆቼ ካልተሳፈርክ ብለው ወጠሩት። አዲስ አበባ መጥቶ ከኛ ጋር ሰንብቶ ሲመለስ አብረውት ሄዱ። ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ እንደ ሚዜ ሽክ ብሎ ፉሪ ለቡ ጣቢያ ስሸኘው ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ እኔ ስመረቅ አላየሁትም፣ ይሄን በቅሬታ አይደለም የምለው። ወደ አዳማ ሲቃረቡ ግን ከፋው አሉ። ድምፅ የለም። የድሮው ሀዲድ ብረቱ በፀሐይ ሲለጠጥ እንዳይጣመም በየመጋጠሚያው ክፍተት ይተውለታል፣ ያ ታክ ታክ የሚለው ጎማው ክፍተቱን ሲዘል ነው፣ የአሁኑ ግን ተበይዶ አንድ ወጥ ሆኗል፣ ይሄን ሁሉ ለልጆቹም ለፊት ለፊቱ ተሳፋሪም አስረድቶ "ፈጣን ነው፣ ጎበዞች ናቸው፣ ግን ወሬ የለውም" አለ። ድሬ ሲደርሱ ደሞ ጣቢያው ከከተማ ወጣ ያለ ነው፣ "የከተማዋ እናት ባቡር ናት፣ ዛሬ እናትየዋን ከቤት አስወጧት" እያለ እቤት እስኪደርስ ባጃጅ ነጂውን ሲያደክመው ነበር።

ያረፈው በፍልሰታ ፆም ነው፣ ብዙ አልተሰቃየም። እድሩ ድንኳኑን ጣለ፣ የድሮ ባልደረቦቹ ከዘራቸውን ይዘው መጡ፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አደሬው፣ ጉራጌው፣ ድሬ ያው ድሬ ነው፣ በየቋንቋቸው ቀለዱበት፣ አለቀሱለት። አንዱ ሽማግሌ ለልጄ "አንተ ነህ ባለመዶሻው?" አለው፣ ማለት እነሱ ጋም ሲያወራ ኖሯል።

አሁን ያለው ጣጣ ያው መዶሻው ነው። ወንድሜ ወንዱ ልጅ እኔ ነኝ፣ ወደ አሜሪካ ይዤው እሄዳለሁ ይላል፣ ልጄ ደግሞ አባባ በቃሉ ለኔ ሰጥቶኛል ብሎ ድርቅ ብሏል፣ እኔ መሀል ላይ ነኝ፣ እውነት ለመናገር ለልጄ አደላለሁ። ባለፈው ቪዲዮ ኮል ላይ ሲከራከሩ እማዬ ሰምታ ሰምታ መዶሻውን አንስታ ካሜራው ላይ አሳየቻቸውና "እናንተ እስክትስማሙ እኔ ከሰል እሰብርበታለሁ" አለቻቸው፣ ወንድሜ "እማዬ በናትሽ!" ብሎ ሲጮህ ስልኩን ዘግታ ወደ ጓዳ ገባች።