ታሲ፣ ሉዋ፣ ቶሉ

ነገሩ የተጀመረው ጎደሬ ስንገዛ ነው።

እህቴ የምትኖረው ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ከተማ ነው። በደረስኩ በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ እንቅልፌን ሳልጠግብ ቀስቅሳ ኦታራ ገበያ ወሰደችኝ። የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ ድንኳን በድንኳን ነው። የኮኮናት ክምር፣ የአበባ ጉንጉን፣ በድምፅ ማጉያ የሚለቀቅ መዝሙር። መሃሉ ላይ ደግሞ ጎደሬ። ወላይታ ሶዶ የማውቀው ጎደሬ ራሱ፣ ግን ክንድ የሚያህል።

ሻጯ የእናቴ እኩያ የሚሆኑ የሳሞአ ሴት ናቸው። “ታሎ” አሉኝ እየጠቆሙ። አጠገባቸው ስኳር ድንች የሚሸጠው ማኦሪ ጎልማሳ (ማኦሪ የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ ነው) ጣልቃ ገባ። “እኛ ታሮ ነው የምንለው። ሃዋይ ብትሄድ ደግሞ ካሎ ይሉሃል።” ሴትዮዋ ፌስታል ከፍተው መቁጠር ጀመሩ። “ታሲ፣ ሉዋ፣ ቶሉ፣ ፋ፣ ሊማ።” ሰውየው ለጨዋታ ያህል በራሱ ቋንቋ አጀባቸው። “ታሂ፣ ሩዋ፣ ቶሩ፣ ፋ፣ ሪማ።”

ትግርኛ ሲቆጠር የሰማ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ስሜት ያውቀዋል። ሰባትና ሸውዓተ፣ ስምንትና ሸሞንተ። ቋንቋው ያንተ አይደለም፤ ባዕድም አይደለም። እኔ ዘመዳቸው ሳልሆን ጆሮዬ የቆመው ለዚህ ይመስለኛል።

ማታ እህቴን ወጥሬ ያዝኳት። ሆስፒታል ነው የምትሠራው። ባልደረቦቿ ፖሊኔዥያ ከሚባለው የፓሲፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች አካባቢ፣ ማለትም የቶንጋ፣ የሳሞአ፣ የኩክ ደሴቶች፣ የማኦሪ ሰዎች ስለሆኑ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ለቃቅማለች። ቤት ሳሞአ ላይ “ፋሌ”፣ ማኦሪ ጋ “ፋሬ”፣ ሃዋይ “ሃሌ” ነው። ፍቅር ቶንጋ ላይ “ኦፋ”፣ ሳሞአ ላይ “አሎፋ”፣ ማኦሪ ጋ “አሮሃ”። የሃዋይን “አሎሃ” ለማንም መንገር አያስፈልግም። ሰው ማለት “ታንጋታ” ነው፤ ሃዋይ ላይ ግን “ካናካ” ይሆናል።

ይህን የመጨረሻውን ወረቀት ላይ ጽፌ ብዙ አየሁት። ታንጋታና ካናካ ምን ያገናኛቸዋል? ከዚያ ገባኝ። ሃዋይኛ “ት”ን ወደ “ክ” ይቀይራል። “ንግ” የምትለዋን የአፍንጫ ድምፅ “ን” ያደርጋታል። ሌላው እንዳለ ነው። ታሮ ካሎ የሆነውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ማኦሪዎች “ር” የሚሉትን ሃዋዮች “ል” ይላሉ። ለውጡ እንደ ሰው ስሜት የሚመጣና የሚሄድ አይደለም። ሥርዓት አለው። ሥርዓቱን ከያዝክ አንዱን ቃል ሰምተህ ሌላውን ትገምታለህ፤ ብዙ ጊዜም ትመታለህ።

አንዱ የጣለውን ድምፅ ሌላው ይዞ ይቆያል። እኛም ጋ አለ። ሐመሩን “ሐ” ከሃሌታው “ሀ” ለይተን መጥራት ከተውን ቆይተናል፤ ትግርኛ ግን ዛሬም ይለየዋል። እኛን ቢያንስ ፊደሉ ያስታውሰናል። እነዚህ የደሴት ሕዝቦች ግን ሚስዮናውያን እስኪመጡ ድረስ ቋንቋቸውን አይጽፉም ነበር። ስለዚህ የፊደሉን ሥራ የሠራላቸው ዘመድ ነው።

በማግስቱ የከተማዋን ትልቅ ሙዚየም አየሁ። እዚያ “ቴ ቶኪ አ ታፒሪ” የሚባል የጦር ጀልባ አለ። 25 ሜትር ይረዝማል፣ 100 ተዋጊ ይጭናል፣ በ1836 የተሠራ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ጀልባ በማኦሪ “ዋካ”፣ በሳሞአ “ቫአ”፣ በሃዋይ “ዋአ” ነው። ሳሞአና ሃዋይ ላይ “ክ” ትዋጥና ጉሮሮ ውስጥ ቆም የምትል ድምፅ ትተካታለች።

ከጀልባው ይልቅ ያሳቀኝ ግን ሞአ ነው። ሞአ ኒውዚላንድ ውስጥ የነበረ ክንፍ አልባ ግዙፍ ወፍ ነው። ትልቁ ዝርያ ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። ሳሞአ ላይ፣ ሃዋይም ላይ፣ “ሞአ” ማለት ግን ዶሮ ማለት ነው። ሰዎቹ ወደዚህ ቀዝቃዛ አገር ሲመጡ የዶሮ ዘር አልዘለቀላቸውም። ስሟ ግን አፋቸው ላይ ነበረ። ከሰው የሚበልጥ ወፍ ሲያዩ “ይኼም ዶሮ ነው” አሉ። ከዚያም እንደ ዶሮ በሉት፤ በጥቂት ትውልድ ውስጥ ጨረሱት። ካቫ የሚባለው የመጠጥ ተክልም ብርዱን አልቻለም። የቅርብ ዘመዱ የሆነ ቁጥቋጦ ጫካው ውስጥ አገኙና “ካዋካዋ” አሉት።

ሰዎቹ ኒውዚላንድ የገቡት በ13ኛው መቶ ዘመን አካባቢ ነው። በኛ ታሪክ የአፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን ግድም ማለት ነው። ይህን አስቡና ወደ 1769 ኑ።

በዚያ ዓመት የእንግሊዙ መርከበኛ ካፒቴን ኩክ ታሂቲ ላይ ቱፓያ የሚባል ሰው መርከቡ ላይ አሳፈረ። ቱፓያ የራያቴያ ደሴት ተወላጅ፣ ካህንና የባሕር መንገድ አዋቂ ነበር። ከ70 በላይ ደሴቶችን ያካተተ ካርታ አሠርቷል። በጥቅምት ወር መርከቧ ኒውዚላንድ ደረሰች። የመጀመሪያው ቀን ክፉ ነበር፤ የኩክ ሰዎች ተኩሰው ማኦሪ ገደሉ። በማግስቱ ቱፓያ በገዛ ቋንቋው፣ በታሂትኛ፣ ከወንዙ ማዶ ለቆሙት ተናገረ። ሰሙት! ታሂቲና ኒውዚላንድ መካከል 4,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ባሕር አለ። አያት ቅድመ አያቶቻቸው ከተለያዩ አምስት መቶ ዓመት ሊሞላ ነው። ያ 1769 እኛ ጋ አፄ ኢዮአስ የተገደሉበትና ዘመነ መሳፍንት የጀመረበት ዓመት ነው። ከይኩኖ አምላክ እስከ ኢዮአስ ተጠፋፍተው፣ በተገናኙ ዕለት አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም።

ቱፓያ በ1770 መጨረሻ ዛሬ ጃካርታ በምትባለው ከተማ ሞተ። ኩክ በ1773 ወደ ኒውዚላንድ ሲመለስ ሕዝቡ ቱፓያ የታል እያለ ነበር የሚጠይቀው። እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ ኩክ አሳዘነኝ ማለት አልችልም።

ከኦክላንድ ሳሞአ በአውሮፕላን አራት ሰዓት ያህል ነው። ትኬቱን የቆረጥኩት በዚያው ሳምንት ነው። እህቴ “ለጎደሬ ብለህ?” ብላ ስቃብኛለች።

አፒያ ብዙም አልቆየሁም። ከኡፖሉ ደሴት በጀልባ አንድ ሰዓት ከምናምን ተጉዤ ወደ ትልቁ ደሴት፣ ሳቫይኢ ተሻገርኩ። እዚያ አውቶብሱ በእንጨት የተሠራና ደማቅ ቀለም የተቀባ ነው። ወንበር ሲሞላ ሰው በሰው ጭን ላይ ይቀመጣል። እኔም ላይ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ከነቦርሳው ተቀመጠብኝ። የአዲስ አበባ ታክሲ “ጠጋ ጠጋ በሉ” እዚህ ቢመጣ ተማሪ ነው የሚሆነው።

ለሹፌሩ “ታጋ” የምትባል መንደር ልወርድ እንደምፈልግ ነገርኩት። አልገባውም። ጽሑፉን አሳየሁት። “ታንጋ!” አለ። ለካ ሳሞአኛ በላቲን ሲጻፍ የ“ግ” ፊደል የምትነበበው “ንግ” ተብላ ነው። ሰሌዳ ላይ “ታጋታ” እያልኩ ሳነበው የነበረው ቃልም ያው የማኦሪዎች ታንጋታ ነው። አውቶብሱ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጉድ ሰማሁ። ልጁ ሳንቲም ሲቆጥር “ታሲ” አይልም፤ “ካሲ” ይላል። ለቤተ ክርስቲያን፣ ለትምህርት ቤትና ለእንግዳ “ት” ይባላል። ለሠፈርና ለጓደኛ “ክ”። ሃዋይ ላይ ድሮ ሆኖ ያለቀውን ለውጥ እዚህ በአንድ አፍ ውስጥ፣ በአንድ ቀን ትሰማዋለህ።

ያረፍኩት አንዲት እናት ቤት ነው። ግድግዳ የለውም። ክብ ጣሪያ፣ ዙሪያውን ምሰሶ፣ ከዚያ ነፋስ። “ቲና” እላቸዋለሁ፤ እማማ እንደ ማለት ነው። ሳሞአኛ እንደኛ አንተና አንቱ አለው ብላችሁ አትሳቱ፤ ከዚያም ይብሳል። “እንኳን ደህና መጡ” ለማለት እንኳ ለትልቅ አለቃ ሌላ ቃል፣ ለመንደሩ ቃል አቀባይ ሌላ ቃል ነው። እኔን ምን እንዳሉኝ ሳይገባኝ ገባሁ።

በሁለተኛው ምሽት ጥፋት አጠፋሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ መንገድ ላይ ፎቶ እያነሳሁ ነበር። ባዶ የጋዝ ሲሊንደር በብረት ሲመታ ሰማሁ። ዞር ስል ሰው የለም። ሽርጥ ያገለደሙ ሁለት ጎረምሶች ከየት እንደመጡ ሳላውቅ ከፊቴ ቆሙ። አልተቆጡም፤ ግን ቆፍጠን ብለው ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። “ሳ” አለኝ አንዱ። የማታ ጸሎት ሰዓት ነው ለካ። መንደሩ ውስጥ መንገድ መሄድ አይፈቀድም። ከየቤቱ መዝሙር መውጣት ጀመረ። ግድግዳ ስለሌለ ሁሉም ቤት ይሰማል። እንደ ተቀጣ ተማሪ ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ፤ እውነቱን ለመናገር ከጉዞው ሁሉ ያችን ሩብ ሰዓት ነው የምወዳት።

ሲያልቅ ጎረምሳው አጠገቤ ተቀመጠና አስረዳኝ። ከ“ሳ” ሌላ “ታፑ” የሚባልም አለ። ታፑን ማኦሪዎችም እንዲሁ ይሉታል፣ ሃዋይ ላይ በሥርዓቱ “ካፑ” ነው። ፈረንጆች “ታቡ” የሚሉት ኩክ በ1777 ቶንጋ ላይ ሰምቶ ከወሰደው ቃል ነው። እኛ “እርም” እንለዋለን ብዬ ነገርኩት። ኋላ ሳስበው እርም ራሷ ሐመሩን “ሐ” የጣለች ቃል ናት። ግዕዙ ሕርም፣ ዐረብኛው ሐራም።

እሑድ ኡሙ ተደረገ። ድንጋይ በእሳት ይግላል፣ ጎደሬው፣ ዓሣው፣ በጎደሬ ቅጠል የተጠቀለለ የኮኮናት ወተት ይደረደርበታል፣ ከላይ በቅጠል ይሸፈናል። ሃዋይ “ኢሙ” ነው። ቅጠሉ ጎመን ነው የሚመስለው፣ ጣዕሙ ግን ቅቤ የገባበት ጎመን። ቲና ጉርሻ ሊያጎርሱኝ ምንም አልቀራቸው። “ፋአፌታይ” አልኳቸው፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው። ማኦሪ ውስጥ “ፋካፌታይ” የሚል ማመስገኛ አለ። “ፋካ” የኛን “አስ” የመሰለ የማድረጊያ ቅጥያ ነች፤ ሳሞአዎች “ክ”ዋን ውጠዋት “ፋአ” ሆነች።

ሁሉም አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም። ኦክላንድ ላይ የቶንጋን ሰው ሳሞአ ነህ ወይ ብትለው፣ በተለይ በራግቢ ሰሞን፣ አያምርብህም። ማኦሪና ሳሞአዊ ቁጭ ብለው በየቋንቋቸው ቢያወሩ ወዲያው ይጠፋባቸዋል። ቶንጋና ሳሞአ ሰው የገባባቸው ከ2,800 ዓመት በፊት ገደማ ነው። ከዚያ ከ1,000 ዓመት በላይ ቆይተው ነው ወደ ምሥራቅ የቀጠሉት። ከዚያ በፊት ያለው ሥር ደግሞ እስከ ታይዋን ይዘልቃል። አንዱ ቅርንጫፍ በሌላ አቅጣጫ እኛው አህጉር ደጃፍ ደርሷል። ማዳጋስካር ላይ ሦስት “ቴሎ”፣ ሰባት “ፊቶ”፣ ስምንት “ቫሎ” ነው። ሳሞአ ላይ ቶሉ፣ ፊቱ፣ ቫሉ።

የባሕር ጥበቡም እንደ ድምፁ ነው፤ አንዱ ቢጥለው ሌላው ይዞታል። በ1976 ሃዋዮች “ሆኩሌአ” የተባለች ባለ ሁለት ቀፎ ጀልባ ሠርተው ያለ ኮምፓስ ታሂቲ ሊሄዱ ሲነሱ፣ በኮከብና በሞገድ መንገድ የሚያውቅ የራሳቸው ሰው አላገኙም። ማው ፒያይሉግ የሚባል ሰው ከማይክሮኔዥያ፣ ከሳታዋል ደሴት መጥቶ ነው የመራቸው። ፖሊኔዥያዊ እንኳ አይደለም። ታሂቲ ሲደርሱ ወደብ ላይ ሕዝብ እንደ ጎርፍ ወጥቶ ተቀበላቸው።

ልመለስ ስል በጀልባው ላይ ደሴቲቱን እያየሁ ስሟን በሥርዓቱ ገለበጥኩት። ሳቫይኢ። የሳሞአ “ስ” ማኦሪ ጋ “ህ” ነው። “ቭ” “ው” ነው። የተዋጠችው የጉሮሮ ድምፅ “ክ” ናት። ሃዋይኪ! ማኦሪዎች አባቶቻችን የመጡበት አገር የሚሉት። የሃዋይ ደሴትም ስም ያው ነው። የቱፓያ ደሴት የራያቴያም የድሮ ስሟ ሃቫይኢ ነበር። ማኦሪዎች በቀጥታ ከዚህች ደሴት ተነሡ ማለት አይደለም፤ ስሙን ግን በየደረሱበት ተክለውታል።

ቅዳሜ ኦታራ ተመለስኩ። ስኳር ድንች ሻጩ አወቀኝ። “የት ጠፋህ?” አለ። ሳቫይኢ ነበርኩ፣ ማለትም ሃዋይኪ ደርሼ መጣሁ አልኩት፣ በራሴ እየኮራሁ።

ሰውየው ከላይ እስከ ታች አየኝ። “ሃዋይኪ የሚሄደው እኮ” አለ፣ “የሞተ ሰው ነፍስ ነው።” ከዚያ ሳቀና ፌስታል ከፈተ። “ለማንኛውም እንኳን ተመለስክ። ስንት ልስጥህ?”

“ቶሩ” አልኩት።