የአሮጌው አይሱዙ የበር ጎሚኒ፤ ግራው አልቋል፣ ቀኙ ይቀራል

ትናንት የጣርማበርን ዳገት ስወጣ፣ አዲስ ጎሚኒ (በሩን ዙሪያውን ከንፋስና ከውሃ የሚዘጋ ጎማ) የገባለት የግራው በር ዝም አለ። ከ3000 ሜትር በላይ ላይ ያንን ጉምና ንፋስ የሚያውቅ ሹፌር ደስታዬ ይገባዋል። ሦስት ክረምት በትከሻዬና በበሩ መሃል ፎጣ ወትፌ ነው የነዳሁት።

መኪናዋ አሮጌ ኤንፒአር፣ የአይሱዙ ጭነት መኪና ናት፤ ከሸዋ ሮቢት ማሾና ሽንኩርት ወደ ደብረ ብርሃን ታወጣለች። በአንድ ቀን ከቆላ ሙቀትና አቧራ ወደ ደጋ ውርጭ እየተመላለሰች ጎሚኒዋ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። አሮጌውን መንቀል፣ ጠርዙን በካርታ ቬትራ (በብርጭቆ ወረቀት) ፈግፍጎ ፀረ ዝገት መቀባት የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። አዲሱን አዲስ አበባ ካለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ 4 ሜትር አስቆርጬ አመጣሁ። የድሮውን ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ፤ በዐይን ግምት የተገዛ ወይ አይነክስም ወይ በር አያስዘጋም።

ያደከመኝ ከጆሮዬ ኋላ ያለው የላይኛው ጥግ ነው። ጎሚኒው አዲስ ሆኖ ንፋሱ እንደ ቀድሞው ያፏጫል። መጀመሪያ ማስቲሽ ደረብኩበት። ሸዋ ሮቢት ወርጄ ፀሐይ ላይ ሳቆማት ማስቲሹ ለስልሶ ጥጉ ተላቀቀ። ቀጥሎ ጎሚኒውን ወጥሬ አሰርኩት፤ ይሄ ባሰ። የተወጠረ ጎማ ቀስ እያለ ወደ ልኩ ይመለሳል፣ በሳምንቱ መጋጠሚያው ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተከፈተ። ያ 4 ሜትር ባከነ፤ ሌላ ገዛሁ።

በኋላ የረዳኝ የደብተር ወረቀት ነው። ቀጭን ቁራጭ በበሩና በጎሚኒው መሃል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት። እየተጎተተ ከወጣ ነክሷል፤ ሹልክ ካለ አልነካውም። ዙሪያውን በየስንዝሩ ሞከርኩ። ከታች ከኋላ በኩል ወረቀቱ ይቀደዳል፣ ከላይ ሹልክ ይላል። በሩ ወርዷል ማለት ነው! ገርበብ አድርጌ ጫፉን ወደ ላይ ሳነሳው ቀጭ ቀጭ አለ፤ የላይኛው ማጠፊያ ፔርኖ (በሩ የሚዞርበት የብረት ዘንግ) ተበልቷል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለዓመታት ጋቢና ስወጣ በሩን ይዤ ስንጠለጠል ኖሬያለሁ። ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቀረጽበት) አዲስ ፔርኖና ፔርኖው የሚገባበትን ቀለበት፣ ቦኮላ አስወጣሁ። በሩ ከፍ ሲል ጎሚኒው ያለ ምንም ማስቲሽ ነከሰ።

ስለዚህ ጎሚኒ ከመግዛታችሁ በፊት በሩን አንሱና ፈትሹ። ውስጡ ብረት ያለው ጎሚኒ ጠርዙን ራሱ ስለሚይዝ ማስቲሽ አያስፈልገውም፤ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያላችሁ አስገቡት፣ ጥግ ላይ ትንሽ አጭቁት። መጋጠሚያው ከታች ይሁን፤ ከላይ ከሆነ ዝናቡ በዚያው ይገባል። በናፍጣ ወይም በዘይት አታብርቁት፤ ጎማውን ያሳብጠዋል። እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል።

ቀኙን ገና አልነካሁትም። ማጠፊያው ደህና ነው፣ ታችኛው ላሜራ ግን በስብሷል። አምና ስቱኮ ስቀባ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን ደፍኛቸው ነበር፤ የክረምቱ ውሃ በሩ ውስጥ ተኝቶ ከረመ። ላሜራው ሳይቀየር አዲስ ጎሚኒ አልገጥምም። የኤንፒአር በር ታች ላሜራ ያስቀየራችሁ ካላችሁ፣ በስንት ሚሊ ላሜራ እንዳሠራችሁት ንገሩኝ።